የአባት ዘር ምልክትና የታሪክ ምስክርነቱ

መግቢያ

የሰው ልጅ የአባቶቹን አገር ለማወቅ ያለው ፍላጎት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ርስት የሚጠይቅ ተሟጋች በዳኛ ፊት ቆሞ ከራሱ ጀምሮ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ትውልዱን በቃሉ ይቈጥር ነበር። ልጁን የሚድር ወላጅም ሙሽራውና ሙሽሪት እስከ ሰባት ቤት እንዳይገናኙ ዘር ቈጣሪ ሽማግሌ ጠርቶ ያስመረምር ነበር። በሌላውም ዓለም ቢሆን ነገሥታት፣ ካህናትና ነገዶች ክብራቸውን የሚያጸኑት በአባቶቻቸው ስም እንደ ነበረ ከታሪክ እንረዳለን።

ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ግን በዚህ ጥንታዊ ሙግት ውስጥ አዲስ ምስክር ገብቷል። ይኸውም በሰው ሰውነት ውስጥ ተጽፎ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደው የዘር ምልክት ነው። ስለዚህ ነገር በተማሪዎች መካከል ክርክር በተነሣ ቍጥር ሁለት ዓይነት አስተያየት ስንሰማ ቈይተናል። አንደኛው ወገን «ደም ከተናገረ ለታሪክ ጸሐፊ ምን ቀረለት?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ይህ የላቦራቶሪ ሰዎች ጉዳይ ስለ ሆነ እኛን አይመለከተንም» ይላል። ለእኛ ሁለቱም የተሳሳቱ ይመስሉናል። በዚህች አጭር ጽሑፍ የአባት ዘር ምልክት ስለ ምን ሊመሰክር እንደሚችልና ስለ ምን እንደማይችል፣ በይበልጥም በደቡባዊ አፍሪካ የሚኖሩትን የሌምባን ሰዎች ታሪክ ምሳሌ በማድረግ፣ ለመመርመር እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ምልክቱ ምን እንደ ሆነ

ከታሪክ ክፍል ውጭ ያለውን ነገር ሳንረዳ ወደ ታሪኩ ብንገባ ስለምንሳሳት አስቀድመን ስለ ምልክቱ ጥቂት ቃል እንናገራለን። በሰው ሕዋስ ውስጥ ክሮሞሶም የሚባሉ 46 ክሮች ይገኛሉ። ይህ ቍጥር በትክክል የታወቀው ቲዮና ሌቫን የተባሉት ሊቃውንት በ1956 ባወጡት ጽሑፍ ነው። ከነዚህ ክሮች 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት የሚገኙ ሲሆኑ በየትውልዱ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ክፍሎቻቸውን ይለዋወጣሉ። በዚህም ምክንያት የእናትና የአባት ወገን በውስጣቸው ይደባለቃል። ዋይ የተባለው ክሮሞሶም ግን የሚገኘው በወንድ ብቻ ስለ ሆነ፣ ከሁለት ጫፎቹም በቀር የሚለዋወጠው አቻ ስለሌለው፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ እንዳለ ይወርዳል። ርዝመቱ 62 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ሲሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለ ጕድለት ተነቦ ጽሑፉ የታተመው በ2023 ነው።

«እንዳለ ይወርዳል» ስንል ግን ፈጽሞ አይለወጥም ማለታችን አይደለም። በገዳሞቻችን መጻሕፍት ይገለበጡበት የነበረውን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ጸሐፊው ከቀደመው ብራና ሲገለብጥ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይስታል። ከእርሱ ብራና የሚገለብጠውም ሌላው ጸሐፊ ያንኑ ስሕተት ትክክል መስሎት ይወስደዋል። ስለዚህ ሁለት መጻሕፍት አንድ ዓይነት ልዩ ስሕተት በአንድ ቦታ ከተገኘባቸው ሁለቱም ከአንድ ብራና እንደ ወረዱ የመጻሕፍት መርማሪ ይፈርዳል። የዋይ ክሮሞሶም መርማሪዎችም የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

ምልክቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ዓይነት አንድ ፊደል በሌላ የተተካበት ነው። ይህ እጅግ አልፎ አልፎ ስለሚሆን በሺህ በሚቈጠሩ ዓመታት የተለያዩትን ታላላቅ ሐረጎች ለመለየት ያገለግላል። ሁለተኛው ዓይነት አጭር ቃል ተደጋግሞ የሚጻፍበትና የድግግሞሹ ቍጥር ከትውልድ ወደ ትውልድ አንዳንድ ጊዜ የሚጨምር ወይም የሚቀንስበት ነው። ይህኛው ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ ቅርብ ዘመዳሞችን ለመለየት ይረዳል። የዓለም ወንዶች ታላላቅ ሐረጎች በየቋንቋውና በየጽሑፉ በተለያየ ስም ይጠሩ ስለ ነበር፣ በ2002 ሊቃውንቱ ተሰብስበው ከኤ እስከ አር ባሉት የላቲን ፊደላት እንዲሰየሙ ተስማሙ። ከዚያም ወዲህ ሌሎች ተጨምረውበታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በብርቱ ልናሳስብ እንወዳለን። ምልክቱ በራሱ ላይ የአገር ስም አልተጻፈበትም። መርማሪው «ይህ ምልክት የዚህ አገር ነው» የሚለው ዛሬ በሕይወት ያሉ ሰዎችን መርምሮ ምልክቱ የት እንደሚበዛና የት ብዙ ዓይነት ሆኖ እንደሚገኝ ካየ በኋላ ነው። ሕዝብ ግን ከቦታ ቦታ ይሄዳል፤ በአንድ አገር ጥቂት የነበረ ሐረግ በሌላ አገር ሊበዛ፣ በተነሣበት አገር ደግሞ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የአገሩ ስም የሚሰጠው በምርመራው ሳይሆን በመርማሪው ፍርድ ነው ለማለት እንደፍራለን።

የሌምባ ሰዎች ነገር

የሌምባ ሰዎች በደቡብ አፍሪካ ሰሜናዊ ክፍል በሊምፖፖና በዚምባብዌ ተበታትነው የሚኖሩ ናቸው። የሚናገሩት የጎረቤቶቻቸውን የባንቱ ቋንቋዎች ነው፤ በመልክም ከጎረቤቶቻቸው አይለዩም። ነገር ግን ወንድ ልጆቻቸውን ይገርዛሉ፤ የአሳማ ሥጋ አይበሉም፤ ሥጋንም በሥርዓት ካልታረደ አይቀምሱም። በአፍ ሲወርድ የመጣው ታሪካቸው እንደሚለው፣ አባቶቻቸው ሴና ከምትባል በሰሜን ካለች ከተማ ተነሥተው ባሕር ተሻግረው ወደ አፍሪካ የመጡ ወንዶች ናቸው። ከነገዶቻቸው መካከል ሐሚሲና ሳዲኪ የሚባሉት ስሞች የሴማውያንን ቋንቋ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደሉም። ከመካከላቸው ብዙዎች የእስራኤል ልጆች ነን ይላሉ።

የአውሮፓ ጸሐፊዎች ይህን ታሪክ ለረጅም ዘመን ሲቀበሉትም ሲነቅፉትም ኖረዋል። ቱዶር ፓርፊት የተባሉት እንግሊዛዊ ሊቅ ከሌምባ ሰዎች ጋር ከተቀመጡ በኋላ የሴናን ከተማ ፍለጋ ያደረጉትን ጉዞ በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ ተርከዋል፤ ፍለጋቸውም በየመን በሐድራመውት ምድር ያንኑ ስም የያዘች ቦታ እስከ ማግኘት አድርሷቸዋል። ይሁን እንጂ የስም መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቃል።

በ1996 ስፐርድልና ጄንኪንስ የተባሉ ሊቃውንት የሌምባን ወንዶች የዋይ ክሮሞሶም መርምረው፣ ግማሽ ያህሉ ከሴማውያን ወገን፣ 40 በመቶ ያህሉ ደግሞ ከአፍሪካ እንደ ሆነ አስታወቁ። በ1998 ደግሞ ሌሎች መርማሪዎች ካህናት ነን በሚሉ አይሁድ ዘንድ አንድ ዓይነት ምልክት በብዛት መገኘቱን ገለጹ። በዕብራይስጥ «ኮሄን» የሚባለው ቃል በግእዝ «ካህን» ከምንለው ጋር አንድ ሲሆን፣ ይህ ማዕርግ በአይሁድ ሥርዓት ከአሮን ጀምሮ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርድ ነው። ስድስት የድግግሞሽ ቦታዎች ተቈጥረው የተለየው ይህ ምልክት በተመረመሩት ካህናት ግማሽ ያህል ላይ ተገኘ። በ2000 እነዚሁ መርማሪዎች ይህንኑ ምልክት በሌምባ ሰዎች፣ ይልቁንም ቡባ በሚባለው ነገድ ወንዶች ግማሽ ያህል ላይ አገኙት። የቡባ ነገድ ደግሞ በአፈ ታሪክ ሌምባን ከሰሜን መርቶ ያመጣ ነው የሚባለው ነው።

ይህ ወሬ በዓለም ጋዜጦች ሲወጣ ታላቅ ደስታ እንዳስከተለ መገመት አያስቸግርም። ሲያሾፉባቸው የኖሩ ሽማግሌዎች እውነት መናገራቸው በደማቸው ተመሰከረ ተባለ። እኛም ብንሆን ጽሑፉን ያነበብነው በዚህ ስሜት ነበር።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ2009 ማይክል ሐመርና ጓደኞቻቸው የካህናቱን ምልክት በ6 ፈንታ በ12 የድግግሞሽ ቦታዎች ቢቈጥሩት፣ የቀድሞው ባለ ስድስት ቍጥር ምልክት ከአንድ አባት ያልወረዱ የተለያዩ ሐረጎችን አንድ ላይ የሚጨምር መሆኑ ታወቀ። ካህን ባልሆኑና አይሁድ ባልሆኑ የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎችም ላይ ይገኛል። ከዚህ በኋላ ሂምላ ሱድያል የተባሉት የደቡብ አፍሪካ መርማሪ የሌምባን ወንዶች በዚህ በረቀቀው ዘዴ እንደ ገና መርምረው በ2013 ውጤቱን አሳተሙ። ከሌምባ ወንዶች ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት ከአፍሪካ ውጭ የመጣ የአባት ሐረግ እንዳላቸው ዳግመኛ ተረጋገጠ። ነገር ግን ምርመራው ሐረጉ በተለይ ከአይሁድ የመጣ ነው የሚለውን የቀድሞውን አስተያየት አልደገፈውም።

ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ምን እንረዳለን? በመጀመሪያ ደረጃ የሌምባ ሽማግሌዎች በዋናው ነገር አልዋሹም። አባቶቻቸው ወይም ከአባቶቻቸው ብዙዎቹ በእርግጥ ከባሕር ማዶ የመጡ ወንዶች ናቸው። መጽሐፍ ሳይኖራቸው ይህን ለብዙ መቶ ዓመታት መጠበቃቸው ለአፈ ታሪክ ክብር የማይሰጡትን ሁሉ ሊያሳፍር ይገባል። በሁለተኛ ደረጃ ምልክቱ እነዚያ ወንዶች ከባሕር ማዶ መምጣታቸውን እንጂ ምን ሃይማኖት እንደ ነበራቸው አይናገርም። በሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ይነግዱ የነበሩ ዐረቦችም፣ አይሁድም፣ ከእስልምና በፊት የነበሩ የየመን ሰዎችም አንድ ዓይነት ሐረግ ሊያወርዱ ይችላሉ። ምልክቱ የዘር እንጂ የጸሎት መዝገብ አይደለም።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ይህም ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለናል፣ የሌምባ ሰዎች ከእናት ብቻ የሚወርደው ምልክት ሲመረመር የተገኘው የአፍሪካ ሐረግ ነው። እንግዲህ ከባሕር ማዶ የመጡት ወንዶች የአገሩን ሴቶች አግብተው ወልደዋል ማለት ነው። የአባት ምልክት ብቻ ቢነበብ ኖሮ ቋንቋውን፣ እርሻውንና የልጆቹን አስተዳደግ ያወረሱት እናቶች ከታሪኩ ፈጽመው በወጡ ነበር።

ከዮርክሻየር የተገኘ ምሳሌ

ይህ ነገር በአፍሪካ ብቻ የሆነ እንዳይመስለን ከእንግሊዝ አገር አንድ ምሳሌ እንጨምራለን። በ2007 በታተመ ምርመራ፣ ከአፍሪካ የመጣ የቤተ ሰብ ታሪክ ምንም በሌለው በአንድ እንግሊዛዊ ላይ ኤ ተብሎ የተሰየመው የዋይ ሐረግ ተገኘ። ይህ ቅርንጫፍ ከዚያ በፊት የታወቀው በምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ላይ ብቻ ነበር። መርማሪዎቹ የሰውየውን የቤተ ሰብ ስም የሚጋሩ 18 ወንዶችን ቢመረምሩ በ7ቱ ላይ ያንኑ ሐረግ አገኙ። የትውልድ መዝገብ ሲገለጥም ሁሉም በዮርክሻየር አውራጃ በ1788ና በ1789 ከተወለዱ ሁለት ሰዎች የወረዱ ሆኑ።

ይህ ምርመራ የምልክቱን ኀይልና ድካም በአንድነት ያሳየናል። ኀይሉ ማንም ያላስታወሰውን፣ በመዝገብም ያልተጻፈውን አፍሪካዊ አባት ማስታወሱ ነው። ድካሙ ግን ያ አባት መቼ እንደ መጣ አለመናገሩ ነው። ከሮማውያን ሠራዊት ጋር ይምጣ ወይም ከብዙ ዘመን በኋላ በባሪያ ንግድ፣ ምልክቱ ብቻውን ሊፈርድ አይችልም። ደግሞም ከነዚያ ሰባት ሰዎች አንዱን «አገርህ የት ነው?» ብንለው የሚመልሰው ዮርክሻየርን ነው፤ በመመለሱም አይሳሳትም። ከአባቱ ሐረግ አንዲት ክር ከአፍሪካ መጥታለች፤ የቀሩት እልፍ ክሮች ግን የእንግሊዝ ናቸው።

የቤተ እስራኤል ነገርና የሌምባ ተቃራኒ

ከሌምባ ታሪክ ጋር ስናስተያየው ትልቅ ትምህርት የሚሰጠን የአገራችን የቤተ እስራኤል ታሪክ ነው። ስለ አመጣጣቸው ብዙ ዓይነት ታሪክ ይነገራል። አንዳንዱ በክብረ ነገሥት እንደምናነበው ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ከመጡት የእስራኤል በኵሮች ይወልዳቸዋል። ሌላው ከዳን ነገድ ናቸው ይላል። ስቲቨን ካፕላን በ1992 ባወጡት መጽሐፍ እንዳስረዱት ደግሞ በኋላ የታወቁበትን መልክ የያዙት ከ14ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ በዚሁ በኢትዮጵያ ውስጥ ነው። በ1999 ሉኮትና ስሜትስ የተባሉ መርማሪዎች የቤተ እስራኤልን ወንዶች የዋይ ክሮሞሶም መርምረው፣ ከሌሎች አይሁድ ይልቅ ከኢትዮጵያውያን ጎረቤቶቻቸው ጋር የሚመሳሰል መሆኑን ገለጹ።

አሁን ሁለቱን ሕዝቦች ጎን ለጎን እናቁማቸው። የሌምባ ወንዶች ብዙዎቹ ከባሕር ማዶ የመጣ የአባት ሐረግ አላቸው፤ ይህ ምልክት ግን እንደ ሕዝብ ወደ እስራኤል የመመለስ መብትን አላስገኘላቸውም። የቤተ እስራኤል ወንዶች የአባት ሐረግ በብዛት የዚሁ አገር ነው። ሆኖም የሰፋርዳውያን ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 አይሁድ ናቸው ብለው ፈረዱላቸው፤ የእስራኤል መንግሥትም በ1975 በመመለስ ሕግ መሠረት ተቀበላቸው። በ1984ና በ1985፣ ኋላም በ1991 በብዙ ሺህ የሚቈጠሩት በአውሮፕላን ተወሰዱ። ረቢው የተመረኮዙት በ16ኛው ክፍለ ዘመን በነበሩት በረቢ ዳዊት ቤን ዚምራ የፍርድ ቃል ላይ እንጂ በደም ምርመራ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ዛሬ የምንነግርለት ዓይነት ምርመራም ገና አልነበረም።

እንግዲህ አንድን ሕዝብ ያ ሕዝብ የሚያደርገው ምንድን ነው? ለዘመናት ኦሪትን ጠብቀው፣ ሰንበትን አክብረው፣ በዚህም ምክንያት ርስት ተነፍገውና ተንቀው የኖሩትን ሰዎች፣ የአባታቸው ሐረግ የጎረቤታቸው ሆኖ ስለ ተገኘ «እናንተ እናንተ አይደላችሁም» ብንላቸው ከእውቀትም ከፍትሕም የራቅን እንሆናለን። የተቀበሉት መከራ በዋይ ክሮሞሶም ላይ አልተጻፈም፤ ታሪካቸው ግን እርሱ ነው።

ስለ ኢትዮጵያ የተደረጉ ምርመራዎች

ወደ ሰፊው የአገራችን ታሪክ ስንመለስ፣ ከዚህ ቀደም ብዙ መጻሕፍት የአክሱምን ሥልጣኔ ከደቡብ ዐረብ ቀይ ባሕርን ተሻግረው በመጡ ሰፋሪዎች ሥራ ብቻ ሲተረጕሙት ቈይተዋል። ኮንቲ ሮሲኒ በ1928 ያሳተሙት የኢትዮጵያ ታሪክ ለዚህ አስተያየት ዋና መሠረት ነበር። የኋላ ዘመን የቁፋሮ ጥናት ይህን አስተያየት በብዙ አሻሽሎታል። የዘር ምልክትስ ምን ይላል?

በ2002 በታተመ አንድ ምርመራ 48 የአማራና 78 የኦሮሞ ወንዶች ተመርምረው ነበር። በሁለቱም ዘንድ ኢ የተባለው በአፍሪካ የሚበዛው ሐረግ ትልቁን ድርሻ ይዞ ተገኘ። ከዚህም በላይ ኤ የተባለው እጅግ ጥንታዊው ሐረግ በሁለቱም ዘንድ ተገኘ፤ ይኸው ሐረግ በደቡብ አፍሪካ በኮይሳን ሰዎች ላይም አለ። በመካከለኛው ምሥራቅ የሚበዛው ጄ የተባለው ሐረግ ከተመረመሩት አማሮች በሲሦ ያህሉ ላይ ሲገኝ በኦሮሞዎቹ ዘንድ ጥቂት ነበር። በ2012 የታተመ ሌላ ሰፊ ምርመራ ደግሞ የአባት ሐረግን ብቻ ሳይሆን ክሮሞሶሞችን በሙሉ ተመልክቶ፣ ከውጭ የመጣው ድብልቅ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደ ገባ ገምቷል።

ከዚህ ተነሥቶ «አማራ ከዐረብ መጣ» ወይም «እገሌ የአገሩ ባለቤት፣ እገሌ መጤ ነው» የሚል ሰው ቢኖር ምርመራውን በቅጡ አላነበበውም። በመጀመሪያ ነገር 48 ሰዎች ስለ ብዙ ሚሊዮን ሰዎች ሙሉ ቃል ሊሰጡ አይችሉም። ሁለተኛም የጄ ሐረግ በአንድ ቀን የገባ አይደለም፤ የጥንት ከብት አርቢም፣ የሳባ ነጋዴም፣ ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣ ስደተኛም ሊያመጣው ይችላል። ሦስተኛም ያው የአማራ ሰው በቀረው የዘሩ ክፍል ከጎረቤቱ ጋር በብዙ የተያያዘ ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚሻለው ማስረጃ ምልክቱ ከነአጽሙ ሲገኝ ነው። በጋሞ ደጋ በሞጣ ዋሻ በ2012 የተገኘውና በ2015 ምርመራው የታተመው ሰው 4,500 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ የአባቱ ሐረግ ዛሬም በአገራችን የሚበዛው የኢ ሐረግ ቅርንጫፍ ሆኖ ተገኝቷል፤ ኋላ ከውጭ የገባውም ድብልቅ በእርሱ ላይ የለም። እዚህ ላይ ቦታው ታውቋል፤ ዘመኑም ታውቋል። መርማሪው ዛሬ ካሉት ሰዎች ተነሥቶ ወደ ኋላ መገመት አላስፈለገውም። እንዲህ ያለ አጽም በየአውራጃው ቢገኝ ብዙ ክርክር በተዘጋ ነበር።

ከርስት ሙግት የምንማረው

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ከመካከላችን አንዱ ለዕረፍት ወደ ጎጃም ሄዶ ሳለ አያቱን «አባባ፣ የእኛ ዘር ከየት ነው የመጣው?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። ሽማግሌውም ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና «ልጄ፣ በየትኛው በኩል ያለውን ነው የምትጠይቀኝ?» አሉት። ጓደኛችን «በአባት በኩል» ቢላቸው፣ «በአባትህ አባት ነው ወይስ በአባትህ እናት?» ብለው ደግመው ጠየቁት።

ይህ መልስ ቀልድ አይደለም። አላን ሆበን ስለ ደጋ ዳሞት በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳብራሩት በአማራ ሥርዓት ርስት የሚጠየቀው በአባትም በእናትም በኩል ነበር። ተሟጋቹ ወደ አቅኚው አባት ለመድረስ አንዴ በወንድ፣ አንዴ በሴት እየተሻገረ ይቈጥራል። ርስት በ1975 በወጣው የመሬት ዐዋጅ እስኪቀር ድረስ እያንዳንዱ ገበሬ ብዙ አባቶች ያሉት መሆኑን በእጁ በሚያርሰው መሬት ያውቀው ነበር።

ቍጥሩንም እናስላው። ሰው ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት። እስከ ሰባት ቤት ሲቈጠር 128፣ እስከ ዐሥር ቤት 1,024 ይሆናሉ። ሩቅ በሄድን ቍጥር አንዳንዶቹ በሁለት ወገን ተደግመው መቈጠራቸው ባይቀርም ብዛታቸው ብዙ ነው። የዋይ ክሮሞሶም በሰባተኛው ቤት ካሉት 128 ሰዎች ስለ አንዱ ብቻ ይመሰክራል። ስለ ቀሩት 127 ቃል የለውም። ሴት ልጅማ ይህ ክሮሞሶም ስለሌላት የአባቷን ምልክት ለማወቅ አባቷን ወይም ወንድሟን ማስመርመር ሊኖርባት ነው፤ ይሁን እንጂ ከወንድሟ ያነሰ ታሪክ የላትም።

በአባት ብቻ የሚቈጥሩ ሕዝቦችስ? የሶማሌ አብቲርሲና የኦሮሞ ጎሳ የሚቈጠሩት በአባት ስለ ሆነ ምልክቱ ከነዚህ ጋር ለመስተያየት ይበልጥ የተመቸ ነው። ነገር ግን እዚህም ጥንቃቄ ያሻል። በኦሮሞ ሥርዓት በሞጋሳ ወደ ጎሳው የገባ፣ በጉዲፈቻም ያደገ ሰው ሙሉ ልጅ ነው፤ የጎሳውን አባቶች የራሱ አድርጎ ይቈጥራል። መርማሪው በዚህ ቦታ የተለየ ምልክት ቢያገኝ «ሐረጉ ተበጥሷል» ይል ይሆናል። ሕዝቡ ግን ሐረጉ በዚያ ቦታ እንደ ተቋጠረ ያውቃል። ሕዝቡ የሚለው ትክክል ነው፤ መርማሪውም አልተሳሳተም፤ የተጠየቁት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የዘረዘርነውን በአጭሩ ለመሰብሰብ ያህል፣ የአባት ዘር ምልክት በዳኛ ፊት እንደ ቆመ አንድ እውነተኛ ምስክር ነው። አይዋሽም፤ በጉቦም አይለወጥም። ነገር ግን ያየው በአንዲት ጠባብ መንገድ ላይ የሆነውን ብቻ ነው። ዳኛው ሌላውን መንገድ ሁሉ ከእርሱ ሊጠይቅ አይገባም።

ስለዚህ የታሪክ ተማሪዎች እንዲህ ያለ ምርመራ ሲያጋጥመን ሦስት ነገር መጠየቅ ያለብን ይመስለናል። አንደኛ፣ ስንት ሰዎች፣ ከየትኛው ቦታ ተመረመሩ? ሁለተኛ፣ የተቈጠሩት ምልክቶች ስንት ናቸው? በ6 ምልክት አንድ የመሰለው በ12 ሁለትና ሦስት ሊሆን እንደሚችል ከካህናቱ ታሪክ አይተናል። ሦስተኛ፣ ምልክቱ ከአፈ ታሪክ፣ ከጽሑፍ፣ ከቋንቋና ከቁፋሮ ጋር ሲስማማና ሲጣላ ምን ይላል? እነዚህ ምስክሮች በአንድነት ሲቆሙ እንጂ አንዱ ሌላውን ሲያባርር እውነት አትገኝም።

ዛሬ ምራቁን በጠርሙስ አድርጎ በፖስታ የሚልክ ሰው ሁሉ የአባቱን አገር ስም በወረቀት ተጽፎ ያገኛል። ከወገኖቻችንም በውጭ አገር የሚኖሩ ብዙዎች ይህን እንደሚያደርጉ እናውቃለን። መጠየቃቸውን አንነቅፍም፤ እኛም ብንሆን ማወቅ እንወዳለን። ወረቀቱ ሲደርሳቸው ግን የጓደኛችን አያት የጠየቁትን ጥያቄ እንዲጠይቁ እንመኛለን፤ «በየትኛው በኩል ያለውን?» ከዚያ በኋላ ወረቀቱን አስቀምጠው፣ የቀሩትን ክሮች ገና የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በሕይወት ሳሉ ሄደው ቢጽፉ፣ የዋይ ክሮሞሶም ሊነግራቸው የማይችለውን ታሪክ ያተርፋሉ ብለን እናምናለን።